ለጉርማይ የተዋሸ ውሸት

በዘምበራ ምድር ፀሐይ በቀትር ደም ለበሰች። የንጉሥ አዝማር መኳንንት ቀና ብለው አዩና «ለግርማዎ ክብር ቀይ ካባ ደርባ ነው!» አሉ። አፋቸው ለሌላ ነገር አልተፈጠረም። በማግሥቱ የመሐላው ነጋሪት ተሰርቆ ተገኘ።

ነጋሪቱ የመንግሥቱ ምሰሶ ነበር። እጁን በቆዳው ላይ ጭኖ የሚዋሽ ሰው፣ የዋሸለትን ሰው ከነመልኩ ከነስሙ ይረሳዋል። ለራሱ የዋሸ ደግሞ ራሱን ይረሳል። መኳንንቱ ራሳቸውን ከረሱ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ምንም የጎደለባቸው አይመስሉም ነበር። እነርሱን ባነሣሁ ቁጥር ምላሴ ይመረኛል።

ንጉሡ ከዙፋኑ ተነሥቶ ዐወጀ፦ «በአባቶቼ አጥንት እምላለሁ! ነጋሪቱን ያመጣ ሰው በሩን ማን እንደከፈተ በላዩ ላይ ይመሰክራል። ለሌባው በር የከፈተውም ከገደል ይወረወራል!» ይህን ብሎ ወደ ምሳው ተመለሰ። ከመኳንንቱ ልሂድ ያለ አልተገኘም፤ አንዱን ወገቡን አመመው፣ ሌላው ሰርግ ነበረበት።

የሄደችው ሶርኔ ናት፤ የሃያ ዓመት ቀስተኛ፣ የነጋሪቱ ቤት ዘበኛ የጉርማይ እህት። አብሯት ሽማግሌው ጦረኛ ደልጋር ወጣ። ሰባት ቀን በእሾህና በትኩስ አመድ ላይ ተጉዘው፣ ሌባው፣ በሰው አንደበት የሚናገረው ዘንዶ ሙዝራ፣ ነጋሪቱን ከብቦ ከተኛበት ዋሻ ደረሱ። ዘንዶው የደልጋርን ግራ ክንድ ሲነጥቅ ሶርኔ በጉሮሮው ፍላጻ ተከለችበት።

ሙዝራ እየሞተ ሳቀ። «በሩን ማን የከፈተልኝ መሰለሽ? ጉርማይ ነው! የጠየቀኝም አንድ ጋን ጠጅ ብቻ!»

ነጋሪቱን ይዘው ሲመለሱ ደልጋር ሐሳቧ ገብቶት ይቆጣት ጀመር።

«ለዚያ ሰካራም ልትዋሺ ነው? ክንዴን የበላው ዘንዶ ይሻላል፤ እርሱስ ርቦት ነው!»

«አባ ደልጋር፣ እናታችን ስትሞት አደራ ብላ የሰጠችኝ እርሱን ብቻ ነው። ከገደል ሲወረውሩት ቆሜ ልይ?»

«እኔ በሰባ ዓመቴ አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም። ውሸታም ለእኔ ከእበት አይሻልም።»

«እርስዎ ወንድም የለዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይማሉልኝ። ስረሳው ማን እንደሆነ ይንገሩኝ። ሲመጣ ካላቀፍኩት ያውቁብናል።»

ሽማግሌው መሬት ላይ እንትፍ አለና ማለላት።

በአደባባዩ መኳንንቱ የወገባቸው ሕመም ሁሉ ድኖ ከፊት ተሰልፈው ጠበቁ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እያሉም ተረቱ፤ ኀፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ሶርኔ ቀኝ እጇን በቆዳው ላይ ጫነች።

«በሩን ማንም አልከፈተም። ዘንዶው ጭስ ሆኖ በቁልፉ ቀዳዳ ገባ።»

ሕዝቡ እልል አለ። ንጉሡም ዘንዶውን እርሱ የገደለው ይመስል እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ከዘበኞቹ መካከል ዐይኑ የቀላ፣ ጠጅ ጠጅ የሚሸት ወጣት ሮጦ መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ። ሶርኔ ለአንድ ሰው እንደዋሸች ታውቃለች፤ ለማን እንደሆነ ግን ጠፍቶባታል። ይህንን ሰው የት እንዳየችው ለማስታወስ ሞከረች። የትም አላየችውም።

ደልጋር ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «ወንድምሽ ነው። ጉርማይ ይባላል። እቀፊው።»

አቀፈችው። ጉርማይ ትንሽ አለቀሰና እንባውን በእጅጌው ጠረገ። «እህቴ፣ ለዚህ ደስታ አንድ ዋንጫ አታስቀምሺኝም?»

ሶርኔ በትከሻው ላይ አሻግራ ሽማግሌውን አየችው። «አባ ደልጋር፣» አለች በሹክሹክታ፣ «ይህ ሰው ይገባው ነበር?»

ደልጋር የጠጅ ቤቱን በር በዐይኑ የሚፈልገውን ጉርማይን አየ። በተቆረጠ ክንዱ ላይ የታሰረው ጨርቅ ገና ደም ያዣል።

«ደግ ልጅ ነው፣ ልጄ» አለ። «አንቺን እንደ ዐይኑ ብሌን ነው የሚያይሽ። ይገባዋል።»

ሶርኔም አመነችውና የማታውቀውን ሰው አጥብቃ አቀፈችው።