አትንቀዪው

በሦስተኛው ቀን ነቀለችው።

ሌሎቹ መደብ ሲቆፍሩ እሷ ጥቁሩን የችግኝ ላስቲክ ወደ ደረቷ አስጠግታ፣ የተከለችውን የጽጌረዳ ቁራጭ ቀስ አድርጋ ሳበችው። አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገች። ሥር የለም። መልሳ ወሸቀችውና ቀና ስትል ከአንድ ወጣት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ።

«አየኸኝ?»

«እኔ? ውሃ እያጠጣሁ ነው።»

«በባዶ ማጠጫ?»

ማጠጫውን ዘቀዘቀው። እውነቷን ነበር።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ይህ የአትክልት ቦታ፣ ሐኪሞች መድኃኒት ብቻውን አልበቃ ያላቸውን ወጣቶች የሚልኩበት ነው። በሳምንት ሦስት ጠዋት ይመጣሉ፤ ይቆፍራሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ካሰኛቸው ያወራሉ። ሁሉም «እትዬ» የሚሏቸው አትክልተኛ በመጀመሪያው ቀን ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁራጭ አድለው፣ «ስድስት ሳምንት ማጠጣት እንጂ መነካካት የለም» ብለው ነበር።

ለእሷ ስድስት ሳምንት ስድስት ዓመት ነው። ቀልቧ አያርፍም። በር ዘግታ ከወጣች በኋላ ሦስቴ ተመልሳ ትገፋዋለች። እናቷ ስትተኛ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ልጆቹ «ኢንስፔክተሯ» አሏት። እሱን ደግሞ «መሐንዲሱ» ይሉታል፤ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ከፈተና አዳራሽ ተነሥቶ ወጥቶ፣ በዚያው የቀረ መሐንዲስ። ከዚያ ወዲህ እግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። እሷ አጠገብ ሲሆን ብቻ ይቆማል፤ ለምን እንደሆነ ራሱንም ገርሞታል።

አንድ ቀን ለእትዬ ስትነግራቸው ሰማ። «እማዬ በወሩ መጨረሻ ለውጥ ካላየሁብሽ አክስትሽ ትወስድሻለች ብላለች። ሌላ ከተማ። ይሄ ከበቀለልኝ ግን ወስጄ አሳያታለሁ።»

በማግስቱ ቁራጯን ሲያየው ጠቁሮ ደርቋል። ዞር ዞር ብሎ አየና ከእትዬ ትርፍ ቁራጮች አንዱን ተካበት። እሱንም ነቅላ አደረቀችው፤ ደገመ። በሦስተኛው ጊዜ ትርፍ ቁራጭ አልነበረም። የራሱን አምጥቶ ተከለላት።

«ትናንት ሦስት ቅጠል ነበረው» አለች ጠዋት። «ዛሬ አራት ነው።»

«አደገ ማለት ነዋ።»

ፊቱን ትኩር ብላ አየችው። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ ሳትደበቅ ነቀለችው። ከታች ነጫጭ ሥሮች እንደ ፀጉር ተንጠልጥለዋል። ልጆቹ አጨበጨቡ።

«ክሩስ?» አለች።

«የምን ክር?» አለ አንዱ ልጅ።

«ባለፈው ሳምንት ከሥሩ በኩል ነጭ ክር አስሬበት ነበር። ይሄ የኔ አይደለም። ማነው የቀየረው?»

እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንተ ነህ» አለች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ ‹ተሽሎታል፣ አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ› አሉኝ። ስመጣ ከተቀበረ ሦስት ቀን ሆኖታል። ለኔ አዝነው ነው አሉ። አንተም አዝነህልኝ ነው አይደል?»

ላስቲኩን እጁ ላይ አስቀምጣለት ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቷን ጠይቆ አገኘው። እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው አዩት።

«አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?»

«አትክልቱ ጋ አብረን ነን፣ እናቴ። የዋሸኋት እኔ ነኝ።»

እናትየው በሩን ከፍተው አስገቡት። ኮሪደሩ ላይ ሻንጣ ቆሟል። አክስትየዋ ነገ ትመጣለች።

ልጅቷ የተቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘረጋ። ሦስት ደረቅ እንጨቶች። አንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ክር አለበት።

«ያንቺዎቹ እነዚህ ናቸው። ሦስቱም ደርቀዋል። ስለምትነቅያቸው ነው የደረቁት። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ደበቅኩሽ። አዝኜልሽ አይደለም። ፈርቼ ነው።»

ክሩን በጣቷ ነካችው።

«ይሄስ?» አለች የያዘውን እያየች።

ቆርጦ ከታች የበሳው፣ ውስጡ የሚታይ የውሃ ፕላስቲክ ነው። አፈር ሞልቶበታል፤ መሀሉ ላይ አዲስ ቁራጭ ቆሟል። ዙሪያውን በጥቁር ወረቀት ሸፍኖታል።

«ሥር ብርሃን አይወድም። ስትጠራጠሪ ወረቀቱን ወደ ላይ ሳቢና በፕላስቲኩ እዪው፤ መልሰሽ ሸፍኚው። አትንቀዪው ብቻ።»

«ቢደርቅስ?»

«ደረቀ እልሻለሁ።»

ፈገግ አለች። «ለካ መሐንዲስ ነህ።» ከዚያ ወደ በሩ ዞረች፤ እናቷ እዚያው ቆመዋል። «እማዬ፣ አንቺም እውነቱን ንገሪኝ። ሰልችቼሽ ነው የምትልኪኝ?»

እናትየው ነጠላቸውን ጠመዘዙ። «አልሰለቸሽኝም ልጄ። ደከመኝ። እንቅልፍ አጣሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ቤት ከተነገረ ቆይቷል። ልጅቷ ሄዳ አንገታቸውን አቀፈች። ማታ አክስትየዋ ጋ ስልክ ተደወለ፤ ለጊዜው አትምጪ ተባለች።

በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀቱን በቀን አሥር ጊዜ ሳበችው። በሦስተኛው ሁለቴ። ሌሊት የእናቷን ትንፋሽ ማዳመጧን ግን አልተወችም፤ ሁሉም በአንድ ቀን አይለቅም። እሱም ፈተናውን ለመድገም ተመዘገበ። «ከወጣህ ወጣሁ በለኝ» አለችው። «ብቻ አትዋሸኝ።»

የፈተናው ዕለት ጠዋት የዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ከአዳራሹ ከወጡት የመጨረሻው እሱ ነው።

«እንዴት ነበር?»

«ሁለት ጥያቄ አልሠራሁም። ምናልባት እወድቃለሁ። ግን እስኪደወል ተቀመጥኩ።» እግሩ አሁንም ወዲያ ወዲህ ይላል።

እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። እስኪረጋ አልለቀቀችውም።

«ያንቺስ? ዛሬ ሥር አወጣ?»

አፏን ያዘች። ከዚያ ድንገት ሳቀች፤ አሁን ዓይኗም አብሮ ነው።

«እኔ እንጃ» አለች። «አንተን ስጠብቅ ማየቱን ረሳሁት።»