ያዘመመው ድልድይ

የኦሞ ድልድይ ጠዋት እንደ ልማዱ ገመዶቹን አንድ በአንድ እያጠበቀ ሲነቃ፣ ኢንጂነር ውድነሽ ምሰሶው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ትገምጥ ነበር። ገመዱ ተላማጅ ገመድ ይባላል፤ የሚያርፍበትን ሸክም እያስታወሰ ራሱን በራሱ የሚወጥርና የሚያላላ የብረት ገመድ ነው። ከረጅሙ ምሰሶ ተነስቶ በግራና በቀኝ የድልድዩን ወለል አንጠልጥሎ ይይዛል።

ዛሬ ግን ወለሉ በስተቀኝ ተነስቶ ወደ ግራ አዘምሟል። የቀኙ ገመዶች ከልክ በላይ ተወጥረው ክራቸው መበጠስ ጀምሯል። ክሩ ካለቀ ገመዱ ይከተላል፤ ገመዱ ከሄደ ወለሉ ከነሰዉ ኦሞ ውስጥ ነው።

ውድነሽ ምክንያቱን ስታገኘው አፈረች፤ በራሷ ሳይሆን በአገሩ ሰው። ገመዶቹ የመጀመሪያ ትምህርታቸውን የቀሰሙት በምረቃው ቀን ወለሉን ከረገጠው ሕዝብ ነበር። የባለሥልጣናቱ ድንኳን ደግሞ የተተከለው በስተቀኝ ነው። ያ ሁሉ ሰው፣ ግማሹ ለመታየት፣ ግማሹ ጎንበስ ብሎ እጅ ለመንሣት፣ ግራውን ባዶ ትቶ ቀኙ ላይ ተጋፋ። ምስኪኑ ድልድይም የሰው ልጅ በአንድ ጎን ብቻ የሚሄድ ፍጥረት መሰለውና የቀኝ ገመዶቹን አብዝቶ ወጠረ።

የድልድዩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ልሳነወርቅ መጀመሪያ ነፋስ ነው ሊሏት ሞከሩ። በኋላ ግን የገመዶቹ ትዝታ ተሰርዞ ሕዝቡ በሁለቱም ጎን እኩል ተበትኖ እንዲሻገር ፈቀዱ። መፍቀዳቸው ባልከፋ፤ ግን ራሳቸው መጥተው በስተግራ ድምፅ ማጉያ ይዘው ቆሙ። ተበተኑ እያሉ ሲናገሩ ሕዝቡ ሊሰማቸው ተሰበሰበ። ፀሐይ እንዳየ የሱፍ አበባ ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። ገመዶቹ ይህንንም ተማሩና አሁን ደግሞ የግራው ክር ይበጠስ ጀመር።

ውድነሽ ሰውን ሁሉ ከድልድዩ አስወረደች። ትዝታውን እንደገና ሰርዛ ወደ ገበያው ሄደችና ነጋዴዎቹን አህዮቻችሁን አምጡልኝ አለቻቸው።

«ይህን የመሰለ ድልድይ አህያ ሊያስተምረው ነው?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

«አህያ የሹም ፊት አትፈልግም፣ ጋሼ። መንገዷን ብቻ ነው የምትሄደው።»

አህዮቹ ከነጭነታቸው ገቡ። አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በመሀል እንዳሻት ሄደች። አቶ ልሳነወርቅ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መሀል መንገድ ላይ ቆመው ነበር፤ አንዲቷም ቀና ብላ አላየቻቸውም፤ እንዲያውም አንዷ በጭነቷ ገፍታቸው አለፈች። ወለሉ ቀስ እያለ ተስተካከለና ውሃ ልክ ሆነ። የክሩም መበጠስ ቆመ።

አቶ ልሳነወርቅ ልብሳቸውን እያራገፉ ቀረቡ። «ለበላይ አካል ግን ሕዝቡ አስተማረው ብለን ነው የምናሳውቀው» አሉ።

ውድነሽ ድልድዩ ዳግመኛ ከሰው ምንም እንዳይማር ገመዶቹ የሚማሩበትን መሣሪያ ለዘለዓለም ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ሹሙም ተራውም ኦሞን በሰላም የሚሻገረው አህያ ባስተማረችው ልክ ነው።