ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረው ድምፅ

ስማኝ ወዳጄ፣ የእኔ ሥራ ድምፅ ማስተካከል ነው፣ ገርጂ ቤታችን ውስጥ ሄድፎን አጥልቄ ነው የምውለው፣ እና "የሞተ ሰው ድምፅ ሰማሁ" የሚለኝን ሁሉ "ገመድህን አጥብቀው" እያልኩ የምስቅ ሰው ነበርኩ።

ወንድሜ ናቲ በመኪና አደጋ ከሞተ ስድስት ወሩ ነበር። ሃያ ሁለት አካባቢ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ስንለማመድ የቀዳሁት አንድ ዘፈን አለኝ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ የእሱን ቤዝ ጊታር ጠቅላላ ወደ ግራ፣ የእኔን ድምፅ ወደ ቀኝ አድርጌ እንደተውኩት ቀርቷል። አንድ እሁድ ከሰዓት እማዬ አሰሚኝ አለች። የግራ ጆሮዋ አይሰማም፣ እኔ ዝንጉዋ ይህን ረስቼ አጠለቅኩላት፣ ትንሽ ቆይታ "ልጄ የለም እኮ" አለችኝ። ሄድፎኑን ባዞርላት ደግሞ እሱ ብቻ ተሰማ፣ እሷ የፈለገችው አብረን ስንሆን ነው።

ስለዚህ ክሮስፊድ የሚባለውን አበራሁት፤ የግራውን ድምፅ ቀነስ አድርጎ፣ ለቅጽበት አዘግይቶ ወደ ቀኝ ያሻግራል፣ የቀኙንም እንዲሁ፣ ቤት ውስጥ ከስፒከር እንደምንሰማው ማለት ነው። መጀመሪያ ራሴ ሞከርኩት። ግራ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ የነበረው ቤዝ ወፈር ብሎ ወደ ፊቴ መጣ፣ ከግራ እስከ ቀኝ ተለጥጦ የነበረው ድምፅ ጠበበና የዚያችን ክፍል አከለ፣ ናቲ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ፣ እያለቀስኩ ሰጠኋት።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ቆየችና በቀስታ "መጣሁ" አለች። ለማን ነው ብላት፣ ናቲ በር እያንኳኳ ክፈቺልኝ እያለኝ ነው አለች። ተቀብያት አዳመጥኩ። እመነኝ፣ ክሮስፊዱን ሳጠፋው በግራ ቤዝ ብቻ፣ በቀኝ የእኔ ድምፅ ብቻ፤ ሳበራው ግን ከቤዙ ሥር፣ ከሁለታችን መሃል፣ ኳ ኳ ኳ ይላል። ክሮስፊድ ያለውን ያሻግራል እንጂ የሌለውን አይጨምርም፣ እንጀራዬ ነው፣ አውቀዋለሁ።

እማዬ መሬት መሬቱን እያየች፣ "አደጋው የደረሰበት ማታ ስላመሸ ተናድጄ ቆልፌበት ነበር" አለች። "አንቺ አልነበርሽም። አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሲሰለቸው ሄደ።"

ስድስት ወር ሙሉ ይህን ብቻዋን ይዛ ነበር። ተነስታ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው፣ ተመልሳም አጠገቤ ቆመች።

"እስቲ ስሚልኝ፣ ገባ?"

ሄድፎኑን መልሼ አጠለቅኩት። "ገብቷል፣ እማዬ" አልኳት፣ እሷም ተመስገን ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ በእኔ ጆሮ ግን ማንኳኳቱ አላቆመም ነበር።