ለአቦ ዝግ ነን

ታዴዎስ መጀመሪያ የመጣው ሱሪ ለማሳጠር ነው። ሳሊተ ምሕረት ያለውን የእናቴን የልብስ ስፌት ቤት ሲፈልግ ተንከራትቶ፣ ላብ አጥምቆት ገባ።

«ካርታ ላይ የላችሁም እንዴ?» አለኝ።

«ሰው ጠይቆ ነው የሚመጣው።»

«እኔም ጠይቄ ነበር። ሥጋ ቤት ነው የመሩኝ።»

ሳቀ። እኔ ሱሪውን አየሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ ነጻ የኢንተርኔት ገጽ ሠራልን። የቤቱ ስም፣ አቅጣጫው፣ የቀሚሶቹ ፎቶ፣ የምንከፍትበት ሰዓት። ሙሽሮችና ሚዜዎች ከቦሌ ድረስ እየፈለጉን መምጣት ጀመሩ። ገጹን ራሴ እንዳስተካክል የይለፍ ቃሉን ነግሮኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከኮምፒውተር ፊት ተነስቼ አላውቅም። ረሳሁት አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ምክንያት መፈለግ ሥራዬ ሆነ። ታዴዎስ ጴንጤ ነው፤ የእኛን በዓላት አያውቅም። «ነገ አቦ ነው፤ ዝግ ነን፤ ገጹ ላይ ሰዓቱን ቀይርልን» ብዬ እጽፍለታለሁ። ቢሮው ሩዋንዳ ሰፈር ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ታክሲ ቀያይሮ ይመጣል። እዚያው ሆኖ በስልኩ ሊጨርሰው የሚችለውን ነገር፣ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እስኪመሽ ይሠራዋል። ብዙ አናወራም። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። እሱ ያየኛል፤ ቀና ስል ስክሪኑን ያያል።

ከአቦ በኋላ ሚካኤልን አመጣሁ፤ ከሚካኤል በኋላ ዑራኤልን።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ በሩ ላይ ቆማ፣ «እናንተ ደግሞ ሁሌ ዝግ ነን! ቄሶች ናችሁ ወይስ ልብስ ሰፊዎች?» አለች።

እናቴ ወይዘሮ ወለተማርያም ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ማነው ዝግ ነን ያለው?» አለች። እኔ መርፌ የጠፋብኝ መስዬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

ታዴዎስ ሲሄድ እናቴ በሩን እያየች፣ «ጨዋ ልጅ ነው» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ምን ያደርጋል፣ የእኛ አይደለም።» ሁለቱንም የምትለው እኔ እንድሰማ ነው።

አንድ ሐሙስ ሳልጠራው መጣ።

«ገጹ ሊጠፋ ነው» አለ ሳይቀመጥ። «ነጻውን አገልግሎት ለሁሉም ሰው እያቆሙት ነው። ለጎረቤታችሁ ለፀጉር ቤቷ የሠራሁትም አብሮ ይሄዳል።»

«ሌላ መሥራት አይቻልም?»

«በክፍያ ነው። እናትሽን ጠየቅኳቸው። የፈለገን ጠይቆ ይምጣ፣ ድሮም እንደዚያ ነበር አሉኝ።»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩ። እሱ ቆሞ ቀረ።

«እንግዲህ የሚቀየር ሰዓት የለም» አለ።

«የለም።»

«ብሩክታይት፣ የሚካኤል ዕለት በዚህ ሳልፍ ክፍት ነበራችሁ።»

«የቱ ሚካኤል?»

«ሁሉም ሚካኤል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ብናገር መጥራት ትተዪያለሽ ብዬ ነዋ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሁን ምን ብዬ ልምጣ?»

የእናቴ ስፌት መኪና ጸጥ ብሏል። መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ ግን የመጣልኝ ሌላ ነው።

«እናመሰግናለን፤ ብዙ ደከምክልን» አልኩት፣ ዕቃ አውርዶ ለሚሄድ ሰው እንደሚባለው።

ራሱን ነቀነቀና ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

ክረምት ገባ። ገጹን ስከፍት የሚመጣው ባዶ ነጭ ነው። የቦሌ ሙሽሮች ቀሩ። አመሻሽ ላይ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ከታክሲ የሚወርዱትን አያለሁ፤ ዳቦ የያዘ፣ ልጅ ያዘለች፣ ጃንጥላው የተገለበጠበት። ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። መንገዱ ባዶ ሲሆን መጋረጃውን እመልሳለሁ። ቁልፍ ስተክል ቀና ማለት ትቻለሁ።

«ያ ልጅ ጠፋ» አለች እናቴ አንድ ቀን።

«ሥራው አለቀ።»

«ሥራ ብቻ ነበር?»

ስፌት መኪናዋን ሸፈነች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ ሳታየኝ፣ «እኔስ እንደሆነ አርጅቻለሁ፤ አንቺ ግን ከማን ጋር ልታወሪ ነው?» አለችና ወጣች።

ለብዙ ጊዜ ስልኩን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ ደወልኩ።

«ብሩክታይት?» ከኋላው የታክሲ ሬዲዮ ይሰማል። ወደ ገርጂ፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር፤ መውረጃው ገና ነው። «ደህና ነሽ? የተበላሸ ነገር አለ?»

«የለም።»

«የሚስተካከል ነገር?»

«እሱም የለም። ምንም ምክንያት የለኝም፣ ታዴዎስ። ዝም ብለህ እንድትመጣ ነው የምፈልገው።»

ዝናቡ የታክሲውን ጣሪያ ሲደበድብ፣ ረዳቱ ከአንድ ተሳፋሪ ጋር ስለ መልስ ሲጨቃጨቅ ሰማሁ። ዘግይቻለሁ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ላነሳ ስል፣ ታዴዎስ ስልክ ላይ መሆኑን ረስቶ ነው መሰል፣ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፦

«ወራጅ አለ!»