ኢሊም የሞተው ስንተኛው ክፍል ላይ ነው?

«ቀጣዩ አስተያየት የመጣው ከዘጠነኛ ሐ ነው» አለች ጣቢታ ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ። «‹ይህን ተከታታይ ፊልም የጻፉት ሰዎች እንቅልፍ ሳይዛቸው አልቀረም። ባለፈው ክፍል የሞተ ሰው በሚቀጥለው ክፍል ሻይ ሲጠጣ ሳይ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።›»

ሳቁ ከግቢው ተነስቶ የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ ጠባብ ክፍል ሞላት። ማጉያውን የምትቆጣጠረው ጓደኛዋ ሀሚዳ አፏን በሻርፗ አፍና ትንፈቀፈቃለች። ጣቢታ ግን አልሳቀችም። ጎበዝ አቅራቢ በራሱ ቀልድ አይስቅም፤ ይህን ማንም ሳያስተምራት ነው ያወቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ‹ሰማያዊ ወደብ› የሚባል የጠፈር ተከታታይ ፊልም ሆሳዕናን እንዳለች ይዟት ነበር። ባጃጅ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ የመዘምራን ልምምድ ላይ ሳይቀር ወሬው ሁሉ ስለ ካፒቴን ቬልሳ ሆነ፤ በከዋክብት መሀል ያለ ወደብ ስለምታስተዳድር፣ ፈገግ ብላ ስለማታውቅ ሴት። ዘንድሮ ደግሞ የቬልሳን የልጅነት ዘመን የሚተርክ ‹ከወደቡ በፊት› የሚል አዲስ ተከታታይ በአማርኛ ትርጉም መጣ። አሥር ክፍል ነው። የሀሚዳ ታላቅ ወንድም ፈትሁዲን ገበያው አጠገብ ባለችው ሱቁ ለግማሹ ከተማ በፍላሽ ጫነለት። ሰውም ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ አንደኛውን ክፍል ይከፍታል፤ ቀሪው በራሱ እየተከታተለ ይመጣል፤ ቁጭ ብሎ ያያል። አይቶም ተናደደ።

ጣቢታ ይህን ንዴት ሰብስባ የአርብ ዕረፍት ፕሮግራም አደረገችው። አንዱ፣ ‹የጥንቶቹ መርከቦች ከአሁኖቹ ይልቅ የሚያብረቀርቁት እንዴት ነው? አያቴ በልጅነታቸው ስማርትፎን ነበራቸው እንደማለት ነው› ብሎ ጻፈ። አንዷ ቬልሳ ስትስቅ ከማይ ሒሳብ ብፈተን ይሻለኛል አለች። የፊዚክስ ፍቅር ያሰከረው አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብቻ፣ ጊዜ በጠፈር ላይ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ የሞተ ሰው ተመልሶ መታየቱ ሳይንሳዊ ነው ሲል ተከራከረ። እሱንም ሳቁበት።

«የመጨረሻው አስተያየት የቲቶ ነው፤ የእኛው ክፍል ልጅ» አለች ጣቢታ ድምፅዋን ቀየር አድርጋ። «‹እኔ ይህን ፊልም ከፊተኛው አብልጬ ወድጄዋለሁ። የቬልሳ ወንድም ኢሊም ሌሎቹ እንዲያመልጡ ብሎ በሩን ከውስጥ ሲዘጋ፣ ቬልሳ ለምን ፈገግ እንደማትል ገባኝ። መጨረሻው ላይ አለቀስኩ።›»

‹አለቀስኩ› የምትለውን ቃል የለቅሶ ድምፅ እያስመሰለች ነበር ያነበበቻት። ከዚያ ጨመረች፦ «ወገኖቼ፣ ኢሊም በሩን ዘግቶ የሚሞተው እኮ ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው! ወንድማችን ቲቶ ‹መጨረሻው› ያለው ክፍል ሁለትን ከሆነ፣ የቀሩትን ስምንት ክፍሎች ያያቸው በእምነት ነው ማለት ነው።»

ግቢው አበደ። ደወሉ ተደውሎ ወደ ክፍል ሲገቡ ቲቶ አዲስ ስም ወጥቶለት ነበር። «ክፍል ሁለት! እስኪ ክፍል ሦስትን ንገረን!» ይሉታል። እሱ ደብተሩ ላይ አቀርቅሮ ምንም አልመለሰም። ዝም ማለቱም እንደ ጥፋት ተቆጠረበት፤ ውሸታም ሲያዝ ዝም ይላል ተባለ።

ጣቢታ ግን ያን ቀን በደስታ መሬት አልረገጠችም። የሚኒ ሚዲያው አስተባባሪ ቲቸር ገነቴ በር ላይ አግኝታት፣ «የሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት ዋና አቅራቢ በሚመጣው አርብ እንመርጣለን። ተማሪው ወዶሻል፤ በዚሁ ቀጥዪ» አለቻት። ጣቢታ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የተመኘችው ይህንኑ ነበር።

ቅዳሜ እናቷ ስኳርና ሳሙና አስይዛ አንጋጫ ወደምትኖረው አክስቷ ላከቻት። አክስቷ ገበያ ወጥታ ስለነበር ቤት ያገኘችው የአክስቷን ልጅ ዘርትሁንን ብቻ ነው። ጣቢታ ቤት የሚወራው ሀዲይኛ፣ ዘርትሁን ቤት ደግሞ ከምባትኛ ስለሆነ ሁለቱ የሚጨቃጨቁት በአማርኛ ነው። ዘርትሁን መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቀና ሳይል ሰላም አላት።

«‹ከወደቡ በፊት›ን ነው? እሱን ልታይ ጊዜህን ታባክናለህ?»

«ዝም በይ፤ ስምንተኛውን ጨርሼ ዘጠነኛውን ልጀምር ነው። ምንም እንዳትነግሪኝ!»

«ምን የሚነገር አለውና ነው? ኢሊም እንደሆነ ገና ሁለተኛው ላይ ሞቷል።»

ዘርትሁን ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለው። «ኢሊም ይሞታል?!»

«አላየህም እንዴ?»

«የት አባቴ ነው የማየው? እስካሁን ደህና ነው! አሁን ለእህቱ መርከብ ሲጠግንላት ነበር። አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል? ጉድ ሠራሽኝ እኮ!»

ጣቢታ መጀመሪያ የሚቀልድባት መሰላት። ፊቱን ስታየው ግን ዕንባ ሊመጣው ትንሽ ነው የቀረው። ስልኩን ተቀብላ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። እሱ ሁለተኛ የሚለው እሷ ሦስተኛ ብላ ያየችው ነው፤ የእሱ ሦስተኛ የእሷ አራተኛ። ኢሊም በሩን ሲዘጋ ያገኘችው አሥረኛው ውስጥ ነው።

ነገሩ የገባት ቀስ በቀስ ነበር። ዘርትሁን ቁጥሩን እያየ በእጁ ነው የሚከፍተው። ቴሌቪዥኑ ግን ፋይሎቹን የሚደረድረው በፊደል ተራ ስለሆነ፣ በአንድ የሚጀምሩትን አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ከአንድ ቀጥሎ አሥር፣ ከአሥር ቀጥሎ ሁለት። የፊልሙ መግቢያ ላይ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የሚናገረውን ጽሑፍ ደግሞ ተርጓሚዎቹ ቆርጠው ጥለው የራሳቸውን ማስታወቂያ ለጥፈውበታል። እናም ፍላሹን የሰካ ሁሉ መጨረሻውን ሁለተኛ አድርጎ አይቷል። ሆሳዕና በሙሉ የተናደደችው ማንም ባልጻፈው ታሪክ ላይ ነው።

ዘርትሁን ዘጠነኛውን እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ አሥረኛውን አብረው አዩት። ኢሊም ከበሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ እህቱን እንደ ልማዱ ሊያስቃት ይሞክራል። በዘጠኙ ክፍል ሁሉ ሲያስቃት ነው የኖረው። አሁን ግን ቬልሳ አትስቅም። ጣቢታ ይህንኑ ትዕይንት ከሁለት ሳምንት በፊት ቆሎ እየቆረጠመች ነበር ያየችው፤ ያኔ ማን ለምን እንደሚሞት እንኳ ግድ አልሰጣትም። አሁን ዘርትሁን እንዳያያት ፊቷን አዞረች፤ እሱ ግን የራሱን ዕንባ በሸሚዙ እጅጌ እየጠረገ ስለነበር ማንንም አላየም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጠችው ቲቶን እያሰበች ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእሷ ደግሞ በሁለት ድምፅ ማጉያ የወጣ ወለምታ ነው። አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለሀሚዳ ነገረቻት።

«ወላሂ?» አለች ሀሚዳ አፏን ይዛ። ከዚያ ግን ግራ ቀኝ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚ፣ ዝም በይ። ማን ያውቃል? አርብ ምርጫ ነው። ‹የተናገርኩት ሁሉ ስሕተት ነበር› ብለሽ ቀርበሽ ማን ይመርጥሻል? ደግሞ ሰው የሚዘምተው ወንድሜ ላይ ነው። እሱ ምን አጠፋ? የሰጣቸው ፋይል ቁጥሩ ልክ ነው፤ ያዘበራረቀው ቴሌቪዥኑ ነው።»

«ቲቶስ?»

«ይረሱታል። ስም ሲወጣ እንዲሁ ነው፤ እስከ ፈተና ድረስ ነው።»

ሀሚዳ ክፉ ልጅ አይደለችም። ጓደኛዋን ማዳኗ ነው። ጣቢታም ሁለት ቀን ሙሉ ምክሯን ሰማች። ረቡዕ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ በስተኋላ ስታልፍ ቲቶን ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው። ሁለት ትንንሽ ልጆች፣ ምናልባት ፊልሙን አይተውት የማያውቁ፣ «ክፍል ሁለት!» ብለው ጮኸው ሮጡ። ቲቶ ቀና እንኳ አላለም። ለምዶታል። መልመዱ ነው ጣቢታን ያቆማት።

«ቲቶ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። ፊልሙ... ቴሌቪዥን ላይ...»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«እኔ በአባቴ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሩን እያየሁ ነው የከፈትኩት። አንቺ ከሳቅሽብኝ በኋላ ምን ሆነው ነው ብዬ ጎረቤት ቤት ሄጄ አየሁ። አንድ፣ አሥር፣ ሁለት ብሎ ነው የሚሄደው።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

ቲቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። የተቆጣ አይመስልም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ከበዳት። «ለማን? ማይኩ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

ጣቢታ አጠገቡ ተቀመጠች። «አርብ አብረን እናቅርበው። አንተው ንገራቸው፣ እኔ አስተዋውቅሃለሁ።»

«አልፈልግም። እኔ የማስተባብለው ነገር የለኝም» አለና መጽሐፉን ገለጠ።

አርብ ዕለት የሚኒ ሚዲያዋ ክፍል ከወትሮው ይበልጥ ጠብባለች። ቲቸር ገነቴ ከሁለት መራጭ ተማሪዎች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጣቢታ እጅ ላይ አዳዲስ አስተያየቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የሚያስቁ ናቸው፤ እንደ ባለፈው ብታነብባቸው ግቢው ዳግመኛ ያብዳል። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ታደርገዋለች ወይስ አታደርገውም ብትባል እሷም አታውቅም ነበር።

ሀሚዳ ማጉያውን ከመክፈቷ በፊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ለፈትሁዲን ነገርኩት።»

«ተቆጣ?»

«ኧረ ሳቀ! ለካ እሱም ቤታችን ቴሌቪዥን ላይ አይቶት ኖሮ ሲራገም ነው የከረመው። ቁጥሩን አስተካክዬ ለመጣ ሁሉ እንደገና እጭናለሁ ብሏል። እሱን ማለትም እንዳትረሺ።» ወደ ማጉያው መለስ አለችና፣ «ብዬሻለሁ ግን፣ ምርጫውን ታጪዋለሽ» አለች።

«ልጣዋ።»

ጣቢታ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችና መስኮቱን ከፈተችው። አቅራቢዎች ሁልጊዜ ዘግተውት ነው የሚናገሩት፤ ግቢ ያለው ሰው ድምፅ እንጂ ፊት አያይም። ዛሬ ግን ከመስኮቱ ሥር የቆሙት ልጆች ቀና ብለው አዩዋት፤ ቲቸር ገነቴም ምን ልትሆን ነው ብላ ተነሳች። ከወዲያ ማዶ፣ ዛፉ ሥር፣ ቲቶ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

ሀሚዳ ማብሪያውን ተጫነች።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ጣቢታ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ፤ አላረመችውም። «ባለፈው አርብ አንድ ተማሪ ያላየውን አይቻለሁ እንዳለ አድርጌ ተናግሬ አሥቄበታለሁ። አልዋሸም። ፊልሙን በትክክል ያየው እሱ ነው፤ አዘበራርቀን ያየነው እኛ ነን።»

ከሆነ ቦታ፣ «ክፍል ሁለት!» የሚል ጩኸትና ሳቅ ተሰማ። ጣቢታ እስኪያባራ ጠበቀች። ፊቷ ሲግል ይሰማታል፤ ሁሉም እያዩዋት ነው።

«ስሙ ቲቶ ነው» አለች።

ዛፉ ሥር ያለው ጀርባ ቀና ሲል አየች። አልዞረም፤ እሷም እስኪዞር አልጠበቀችም። የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው አንስታ፣ አንድም ሳትዘል፣ በተራ በተራው መናገር ጀመረች።