ባልተሠራ አውሮፕላን ላይ የሰጠሁት ቃል

ሰኔ 14 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ከእጃጂ በላይ ባለ የግጦሽ ሜዳ ቆሜ ሳለሁ፣ አንድም ቀን ያልተሠራ አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ ሰማሁ።

ወዳጄ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጋዜጣ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት የሚያለቅስ ሥዕል አለ፣ ከመቃብር የተነሳ ሰው አለ እየተባለ ስንት ቦታ ተልኬአለሁ፣ ሁልጊዜም ያገኘሁት ወይ የሚያፈስ ጣራ ወይ የሰከረ ዘበኛ ነው፣ ስለዚህ የምነግርህን ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ አድርገህ ቁጠረው።

ወደ እጃጂ የሄድኩት ለሥራ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ገበሬ አንድ ትልቅ አውሮፕላን ከኮረብታው ጀርባ ዝቅ ብሎ ሲሰወር አየሁ ብለው ለጭቃ ሹሙ አመለከቱ፣ ፖሊስ ሦስት ቀን ፈልጎ አንዲት ብሎን እንኳ አጣ፣ ምክትል ገዥው ግራዝማች ደምሴ ደግሞ አውሮፕላኑ ወድቆ ባላገሩ ብረቱን ቀብሮታል ብለው አውጫጭኝ አስቀመጡ። አውጫጭኝ ማለት ታውቀዋለህ፣ የአካባቢው አባወራ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ የተደበቀው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ጊዜው ደግሞ ሰኔ ነው፣ ሰው ሁሉ ለጤፍ የሚያርስበት፣ አንድ ቀን ያለፈበት ዓመቱን ሙሉ የሚጸጸትበት።

ጥቆማውን ቢሮ ሳነበው አውሮፕላኑ ሦስት ማዕዘን ነው፣ የኋላ ክንፍ የለውም ይላል። ያን ጊዜ መሳቢያዬ ውስጥ የቆየ አንድ መግለጫ ትዝ አለኝ፣ እንግሊዞች ቦምብ ጣይ አውሮፕላናቸውን ወደ መንገደኛ ማመላለሻ ለመለወጥ አስበው ከነሥዕሉ የበተኑት ነው፣ ልተረጉመው ስል ሐሳቡ ተሰርዟል የሚል ሌላ ወረቀት ደረሰንና ሳይታተም ቀረ። ቦምብ ጣዩ እዚያው እንግሊዝ አገር ይበራል፣ የመንገደኛ መስኮት ግን የለውም፣ መስኮት ያለው ከወረቀት አልወጣም። ሁለቱንም ወረቀቶች ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ሜዳው ላይ ስደርስ አርባ የሚሆኑ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ካፊያ ይመታቸዋል፣ አራተኛ ቀናቸው ነው። ግራዝማች ጃንጥላ ተይዞላቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«የሚስጥር ምስክሩ ምን አለ?» አልኳቸው።

«ወፏን ነው የምትል? ወፏም ግራ ገብቷታል!» አሉ፣ በአውጫጭኝ ያየውን በስውር የሚጠቁመው ሰው ወፍ ነው የሚባለው።

ኦቦ ቶሎሳ ከሰው ተለይተው ነው የተቀመጡት፣ ማንም አጠገባቸው አልሄደም። አንዱ ጎረቤታቸው ከወዲያ ሆኖ ጮኸ፦

«አንተ ቶሎሳ! አቦ፣ እንቁላሉን ጥሎ በረረ በላቸውና እንሂድ! በሬዎቼ እኔን ረስተው ሚስቴን ማግባታቸው ነው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸው አልሳቁም።

ልማዴ ስለሆነ ለብቻቸው አድርጌ ጠየቅኋቸው፣ ያዩትን መሬት ላይ በጭራሮ እንዲስሉልኝ አልኩ። ሦስት ማዕዘን ሣሉ፣ መሐሉ ላይ ረጅም ሆድ፣ በሆዱ ጎን ነጠብጣብ ነጠብጣብ። «ፎዳ» አሉ፣ መስኮት ማለታቸው ነው። ማንበብ አይችሉም፣ ሥዕሉም እኛ አገር አልታተመም። ይህን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፣ ግን አርባ ሰው ዝናብ ላይ ተቀምጧል።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ተሳስቼ ነው ቢሉስ? ዛሬውኑ ያልቅ ነበር።»

«ኤዬ፣ ያልቅ ነበር» አሉ። «ግን አይቻለሁ፣ ጌታው። ያየሁትን አላየሁም ብዬ እንዴት ልማል?»

ለግራዝማች ሁለቱን ወረቀቶች አሳየኋቸው፣ ፍሬ ነገሩን ተረጎምኩላቸው። ይህ አውሮፕላን የለም፣ የሌለ ነገር አይወድቅም፣ ያልወደቀ ብረት አይቀበርም አልኩ።

«በቃልህ ትጸናለህ?»

«እጸናለሁ።»

«ጻፍና ፈርም።»

ጽፌ ፈረምኩ። ሰዉ ተለቀቀ፣ አንዳንዱ እየሮጠ ነው ወደ እርሻው የሄደው፣ እኔም እውነቴን ነው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግራዝማች በቅሏቸው ላይ ሆነው ወደ ኦቦ ቶሎሳ ጠቆሙ፦ «እሱን አምጡት። መንግሥትን ይህን ሁሉ ቀን ያታለለው እሱ ነው» ብለው በጠመዝማዛው መንገድ ቁልቁል ወረዱ። ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ እመነኝ።

ሜዳው ላይ ሦስታችን ቀረን፣ ኦቦ ቶሎሳ፣ አንድ ፖሊስና እኔ። ፖሊሱ እጃቸውን ሲያስር ወደኔ ዞር አሉ፣ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ የተማርክ ነህ። ለምንድን ነው ሰዎቹ ፊታቸውን ወደ ኋላ ያዞሩት?»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«መስኮቱ ላይ ያሉት። ሁሉም የመጡበትን ነው የሚያዩት፣ የሚሄዱበትን አይደለም።»

መግለጫውን አወጣሁ። ሥዕሉ ሰው የለበትም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን፣ በእንግሊዝኛ፣ ለደኅንነት ሲባል የመንገደኞቹ ወንበሮች በሙሉ ወደ ኋላ እንደሚዞሩ ተጽፏል። ያን ገጽ ለግራዝማች አልተረጎምኩትም ነበር፣ ለማንም አላነበብኩትም።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቱ እጄ ላይ መንዘር የጀመረው። ነፋስ አልነበረም፣ ካፊያውም አቁሟል። ቀጥሎ እግሬ ሥር ያለው ኩሬ ውሃ ተርገበገበ፣ ከታች ያሉት በሬዎች በሙሉ ባንዴ ቆሙ፣ ገበሬው ጅራፉን እንዳነሳ ቀረ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ከምዕራብ፣ ከባኮ በኩል፣ መጀመሪያ ጥርሴ ውስጥ ነው የሰማሁት፣ ቀስ በቀስ ደመናው ሙሉውን ጮኸ፣ የመኪና አይደለም፣ ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላንም አይደለም፣ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። በደመና በተጋረደው ሜዳ ላይ ጥላ አለፈ፣ ፀሐይ ሳይኖር፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ ጥላ። ሰዓቴን አየሁ።

«ነጎድጓድ ነው» አለ ፖሊሱ። የሚያስርበትን ገመድ ግን ለቆት ነበር።

ኦቦ ቶሎሳ ቀና ብለው ሰማዩን አላዩም። የሚያዩት እኔን ነበር።

«አሁንም ጻፍ እንጂ» አሉኝ።

ግራዝማች ገና ከጠመዝማዛው መንገድ አልወጡም ነበር፣ እሳቸውም ነጎድጓድ መስሏቸው ይሆናል አልቆሙም፣ ጃንጥላቸው ይታየኛል፣ ብጠራቸው ይሰሙኛል። እስክሪብቶዬ እጄ ላይ ነበር። ቃሌን ከቀየርኩ አርባው ሰው ወደ ሜዳው ይመለሳል ብዬ አሰብኩ፣ አርታዒዬ ምን ይለኛል ብዬም አሰብኩ፣ የቱን አስቀድሜ እንዳሰብኩ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። ጃንጥላው ከዐይኔ ተሰወረ።

በማግስቱ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ስልክ ደወልኩ፣ በዚያ ቀንና ሰዓት በዚያ በኩል ያለፈ አውሮፕላን አልነበረም። ኦቦ ቶሎሳ በሐሰት ጥቆማ ተከሰው ስድስት ወር ተፈረደባቸው፣ በችሎቱ የቀረበው የጽሑፍ ማስረጃ አንድ ብቻ ነበር፣ ፊርማው የእኔ ነው።