የሕሩይ አባት ድንች

«እህት፣ የሰው ማሳ ውስጥ ምን ፈልገሽ ነው?»

ሶሬቲ ደንግጣ ቀና አለች። የቆረጠችው የድንች ቅጠል በእጇ ነው። ፊቷ የቆመው የእንጦጦው ወጣት ገበሬ ሕሩይ የተቆጣ ለመምሰል ቢሞክርም ዓይኖቹ ይስቃሉ።

«ይቅርታ... የማስፈቅደው ሰው አጥቼ ነው። የተክል በሽታ ተመራማሪ ነኝ» አለች አፍራ።

ከዚያ ወዲያ ከየካ አባዶ እየተነሳች መመላለስ አበዛች። ሕሩይ ደጅ ቆሞ ሲጠብቃት ስታይ የዳገቱን ድካም ትረሳዋለች።

አንድ ቀን ግን ክፉ ወሬ ይዛ መጣች።

«ማሳህ ቫይረስ ገብቶበታል። ሁሉንም ንቀለው።»

«አረንጓዴውንም?»

«አዎ፣ እሱም ተይዟል።»

«አባቴ ትቶልኝ የሞተው ዘር ነው! አንቺ እኮ የምትጨነቂው ለጥናትሽ ነው።»

ሶሬቲ ዕንባዋን እንዳያይባት ፊቷን አዙራ ቁልቁለቱን ወረደች።

ብዙ ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ሕሩይ የጠወለገ ተክል ይዞ የቤተ ሙከራዋ በር ላይ ቆመ።

«ልሰማሽ ይገባ ነበር» አለ በዝግታ። «እስቲ አሳዪኝ።»

ማይክሮስኮፑን አስተካከለችለት።

«እነዚህ ቀጫጭን ክሮች የሕዋሱ አፅም ናቸው። ሕዋሱን ደግፈው ይይዙታል፤ የሚያስፈልገውም ነገር በእነሱ ላይ ይመላለሳል። የሚያበራው ደግሞ ምልክት ያደረግንበት ቫይረስ ነው። ክሮቹን እየተከተለ ወደ ጎረቤት ሕዋስ ይሻገራል። ቅጠሉ ቢጫ እስኪሆን ርቆ ሄዷል።»

«ክሮቹ ቢበጠሱስ?»

«ሞክሬዋለሁ። ቫይረሱ ይዘገያል፤ ግን ተክሉም ያለ እነሱ አይኖርም።»

ሕሩይ ቀና ሳይል «እንግዲያው የአባቴ ዘር ጠፋ» አለ።

«አልጠፋም... ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የቀንበጡ ጫፍ ላይ አይደርስም። ካንተ ማሳ ከወሰድኩት ላይ ጫፍ ጫፉን ቆርጬ እያሳደግኩ ነው።»

መደርደሪያው ላይ፣ ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ፣ ለጋ ቡቃያዎች ቆመዋል።

«መርምሬያቸዋለሁ፤ ንጹሕ ናቸው።»

«ተቀይመሽኝ ሳለ?»

«ተቀይሜህ ሳለ።»

እሁድ የታመመውን ማሳ አብረው ነቀሉ። ቡቃያዎቹን በሽታው ባልደረሰበት በላይኛው መሬቱ ላይ ተከሏቸው። ክረምቱ ሲወጣ የመጀመሪያውን ድንች ሕሩይ ቆፍሮ አወጣና አፈሩን በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ሰጣት።

«ሶሬቲ፣ ሽማግሌ ልልክ ነው። ቤተሰቦችሽ ምን ይሉኛል?»

ድንቹን በሁለት እጇ ይዛ ፈገግ አለች።

«እኔ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ምነው ዘገየ እያሉ ነው።»

በጥር ተጋቡ።